ገጽ አርባ

ዓርብ ዓርብ አመሻሹ ላይ፣ በቺያቱራ ገደል አፋፍ፣
ማንጋኒዝ ባጠቆረው ወንዝ ላይ ጭጋግ ሲንሳፈፍ፣
ከአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ጥግ እንሰበሰባለን፤
ያነበብነውን መጽሐፍ መልሰን እናነባለን።

ምድጃው አንድ፣ መጽሐፉ ሁለት፣ እኛ ስድስት።
አንዱ ቅጂ ሽፋን አልባ፣ አንዱ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣
ከኦታሪ ኪስ ሳይለይ ጉድጓድ የወረደ ሠላሳ ዓመት።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ ለነገሩ ታሪክም አይባል፤
በወንዝ ዳር ካለች ቤት በሌሊት አንድ ሰው ያንኳኳል፣
ከሃያ ዓመት በፊት «መጣሁ» ብሎ የወጣ ባል።
ሴትዮዋ ፋኖስ ይዛ ከበሩ ኋላ ትቆማለች።
ትከፍት ይሆን?
ደራሲው አልነገረን፤ እሷም አልተናገረች።

ጉልናዚ «አትከፍትም» ስትል ኦታሪ «ትከፍታለች» ብሎ
አምና ተኳረፉ፤ ወር ሙሉ በገመድ መኪናው ተሳፍረው፣
እሱ ሸለቆውን፣ እሷ ተራራውን እያዩ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው።
በልቦለድ በር! ሳቁብን የሰፈር ሰዎች። ይሳቁ።
በዳቦ ዋጋ ብቻ ከመጣላት ይሻል ነበር፣ ባወቁ።

ራቲ፣ የጉልናዚ የልጅ ልጅ፣ አያቱን ሊወስድ ሲመጣ፣
«ጭማቂው ይኸው» ይላል ስልኩን አውጥቶ፣
«በሦስት መስመር። ምን አስፈለገ ይህ ሁሉ ጣጣ?»
ጭማቂ! ወይኑን ሳይረግጡት፣ ጋን ሳይገባ፣ ሳይከርም!
ጭማቂ ጥም ይቆርጥ ይሆናል፤ ሞቅ አያደርግም።
ዳዊት ደጋሚንስ ማን ነው፣
«ትናንት አንብበኸው የለም?» የሚለው?
ማንም።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ መጀመሪያ ሳነበው፣
«ክፈቺለት!» ብዬ ጮኽኩ፤ እናቴ ከጓዳ፣ «ማንን ነው?»
አለችኝ ደንግጣ። ምን ብዬ ልንገራት?
በረዶ ላይ የቆመው ፍቅር ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በሠላሳ አራቴ ደገምኩት። የኔው ባል ሚንዲያ
ለሁለት ወር ሥራ ብሎ ተሻግሮ ወደ ሩሲያ፣
ደብዳቤውም ገንዘቡም ከቆመ አራት ዓመት አልፎት።
ያንኑ ገጽ ገልጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ «እንዳትከፍቺለት!
መቀርቀሪያ ጨምሪበት!»

ቃል አልተጨመረ፣ ቃል አልተቀነሰ፤
የእኔ ቤት ነው እንጂ የተሠራ፣ የፈረሰ።

አሁን ስልሳ ዘጠኝ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ይፈራል።
ያን በር የጨረስኩት መስሎኝ ነበር፤ እርጅና እንዲህ ያታልላል።
ባለፈው ዓርብ ግን ዛይራ፣
ድምጿን ሰምተን የማናውቅ፣ ምድጃው ሥር ሹራብ የምትሠራ፣
መርፌዋን አስቀመጠችና «ልጅቷስ?» አለች።
«የቷ ልጅ?» አልናት ባንድ አፍ።
«ገጽ አርባ ላይ ያለች።»

ገለጥን። ተሻማን። መነጽር ከእጅ እጅ ዞረ።
ይኸው ናት፣ አንዲት መስመር፦
«ሕፃኗ ከውስጥ ክፍል፣ ዐይኗን ገልጣ፣ ታዳምጥ ነበረ።»

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ
ረግጫት ሳልፍ ኖሬያለሁ፣
በሩን ብቻ እያየሁ።
ማናችንም አላቀፍናት፣ «አይዞሽ» ያላት የለም፣ አንድም ሌሊት።
ኦታሪ በወፍራም አውራ ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣
መስመሯን ዳሰሳት።

«እኔ ነበርኩ» አለች ዛይራ። «አባቴ አንኳኩቶ፣ አንኳኩቶ ሄደ።
ያን ሌሊት የሰማሁትን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»
ሹራቧን አነሳች። እንጨቱ ነደደ።

በገመድ መኪናው ስንወጣ፣ ከተማው መብራቱን ሲያጠፋ፣
ኦታሪና ጉልናዚ ጎን ለጎን ናቸው፤ ማንም አልለፈፈ፣ ማንም አልተጋፋ።
«እንግዲህ ከመጀመሪያው ነው» አለ እሱ፣ «አሁን በሩን ትተን።»
ራቲ ስልኩን አልነካም፤ ያን ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን
ከጃኬቱ ሥር ሸጉጦታል። ማንበቡን እንጃ።
መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ቆመች፣ ጨለማው ላይ ተንጠለጠለች።
ከታች፣ በአንድ መስኮት፣
መብራት አለ ገና።
ማን ትሆን
ያልተኛች?